ኪቶ በወልድያ በኩል

ታላቅ መንገደኛ ከታላቅ ከተማ ይነሣል የሚለው አባባል እስከ ዛሬ ከሐይቅ ከተማ ተቃውሞ ሳይቀርብበት የቆየው የኛ ሰው ትሑት ስለሆነ ብቻ ነው። እንጂ መምህር ዋለን የመሰለ ዓለም አቀፍ ተጓዥ ከደሴ እስከ ወልድያ ባለው አስፋልት ግራና ቀኝ ቢፈለግ አይገኝም። መምህር ዋለ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። በነዚህ ዓመታት ከደሴ ወዲያ የሄዱት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለሥልጠና፣ አንዴ ለጥርሳቸው። ይህ ግን ዓለምን ከማወቅ አላገዳቸውም። እንዲያውም ረድቷቸዋል ማለት ይቻላል፤ ብዙ የሄደ ሰው የሚያወራው ያየውን ብቻ ነውና።

ከዓለም ከተሞች ሁሉ ነፍሳቸው የወደደችው የኢኳዶርን ዋና ከተማ ኪቶን ነው። ለምን እሷን እንደሆነ በውል አያውቁትም። ምናልባት ሥራ በጀመሩበት ዓመት ከክፍሉ የግድግዳ ካርታ ላይ ደቡብ አሜሪካ ተቀዳዶ ተቀዳዶ፣ በደህና የቀረች ዋና ከተማ እሷ ብቻ ስለነበረች ይሆናል። ብቻ መምህር ዋለ ጠመኔውን አስቀምጠው፣ «ኪቶ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሜትር ላይ ተቀምጣ፣ የምድር ወገብን በእጇ ልትነካ ምንም ሳይቀራት…» ብለው ሲጀምሩ ተማሪውም እስክሪብቶውን ያስቀምጥ ነበር። ፈተና ላይ እንደማይመጣ ያውቃል።

ነገሩ ከፍቅር ወደ ምክር የተሸጋገረው ቀስ በቀስ ነው። «ኪቶ የሄዳችሁ እንደሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ደረጃ በሩጫ እንዳትወጡ፤ አየሩ ስስ ነው» ይሉ ነበር፤ የሚመክሯቸው ልጆች ከመርሳ ገበያ አልፈው አያውቁም። «ጃንጥላም ባርኔጣም ያዙ፤ እዚያ በጋና ክረምት በአንድ ቀን ይፈራረቃሉ።» አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሄደው ያውቃሉ?» ሲላቸው ጥቂት አሰቡና፣ «አንተ ጨረቃ ላይ ሄደህ ታውቃለህ? ክብ መሆኗን ግን ታውቃለህ» አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ በከተማው ስማቸው ዋለ ኪቶ ሆነ። ሲጠሯቸው ደስ አይላቸውም ነበር፤ ሳይጠሯቸው ሲቀሩ ግን ይከፋቸዋል።

ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት፣ ውጭ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ስለ እሳቸው ለአንድ የጂኦግራፊ መምህራን ማኅበር ጻፈ። ማኅበሩም ኪቶን ሳያያት ሠላሳ አራት ዓመት የመሰከረላት ሰው መኖሩ ገርሞት፣ እዚያው ኪቶ ለሚደረግ የአሥር ቀን ጉባኤ ጠራቸው። ትኬቱም ቪዛውም መጣ።

በከተማችን ውስጥ፣ ስሙ በጣም ረጅም በመሆኑ እዚህ የማንጠቅሰው አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። ኃላፊው አቶ ሠርክአዲስ የመምህር ዋለ የቀድሞ ተማሪ ናቸው። ወሬውን እንደሰሙ በዚያው ቀን ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋሙ። በሥሩም የሽኝት ንዑስ ኮሚቴ፣ የአቀባበል ንዑስ ኮሚቴ፣ እንዲሁም በመካከሉ ባሉት አሥር ቀናት ሥራ እንዳይፈታ የመጠባበቅ ንዑስ ኮሚቴ ተዋቀሩ። መምህር ዋለም በበኩላቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ካነበቡትና ከኢንተርኔት ካስወጡት አሰባስበው «ወደ ኪቶ ለሚጓዙ ወገኖች የተዘጋጀ ተግባራዊ የምክር መመሪያ፣ ረቂቅ» የሚል ባለ ሃያ ሰባት አንቀጽ ሰነድ አዘጋጁ። ከከተማው ወደ ኪቶ የሚጓዝ ሌላ ወገን ስለመኖሩ የጠየቀ አልነበረም፤ መመሪያ ካለ ተመሪ አይጠፋም።

የሽኝቱ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ከእስጢፋኖስ ገዳም የመጡ አባት ጸሎት አደረጉ፤ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ቀጥሎ አቶ ሠርክአዲስ ተነሡ።

«ይህ ጉዞ የአንድ ሰው ጉዞ አይደለም» አሉ። «የአንድ ሕዝብ ጉዞ ነው። በመሆኑም ሕዝቡ መሄድ አይጠበቅበትም።»

ጭብጨባው ሲበርድ መምህር ዋለ መመሪያቸውን ማብራራት ጀመሩ። አንቀጽ አንድ ስለ ሰነድ ነበር። ከአሮጌው ኮታቸው ኪስ የክትባት ማስረጃውን፣ ያችን ቢጫ ካርድ አውጥተው ወደ ላይ ከፍ አደረጉ።

«ተጓዥ ያለዚህች ካርድ ምንም ነው» አሉ። «ፓስፖርት ቢረሳ እንኳ፣ ረሳሁ ብሎ ያለቅሳል። ይህችን የረሳ ግን ሲጀመር ተጓዥ አይደለም።» ስለ ካርዷ ብቻ ግማሽ ሰዓት ተናገሩ፤ ከኋላ የተቀመጡት እንዲያዩም ሁለት ጊዜ አዟዟሯት። ከዚያ መልሰው ኪሳቸው ከተቷትና ተቀመጡ።

በዚህ ጊዜ የሽኝት ንዑስ ኮሚቴው ድንገተኛ ስጦታ ይዞ ብቅ አለ። ጥቁር ሰማያዊ አዲስ ኮት ነበር። አሮጌውን እዚያው መድረክ ላይ አውልቀው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወይኒቱ ሰጡ፤ አዲሱን ለበሱ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ መምህር ዋለም አነቡ። እንዲህ ባለ ቅጽበት ስለ ኪስ የሚያስብ ሰው ክብር የማይገባው ነው።

አዲስ አበባ አውሮፕላን ጣቢያ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠች አንዲት ትሑት ልጅ ፓስፖርታቸውን አየችና፣ «ቢጫ ካርድዎን?» አለቻቸው።

«አለ» አሉ መምህር ዋለ፣ በጥያቄው ደስ ብሏቸው። አንቀጽ አንድ መሆኑንም ሊነግሯት ፈልገው ነበር። እጃቸውን ወደ ቀኝ ኪሳቸው ላኩ፤ አልገባም። ወደ ግራው ላኩ፤ አልገባም። ጥፍራቸውን እንደምንም ሊያሾልኩ ሲታገሉ ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ረዘመ።

«አባቴ» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኪሱ እኮ ገና ከስፌቱ አልተፈታም።»

አውሮፕላኑ ሄደ። ትኬቱ ቀን የማይቀየርለት ዓይነት ነበር። መምህር ዋለ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚመጣውንና የሚሄደውን ሲያዩ ዋሉ። የካርዷ ነገር ብዙ አላሳዘናቸውም። ያስጨነቃቸው፣ ሐይቅ ዋናው መንገድ ላይ ከዳር ዳር ተወጥሮ የቀረው «መልካም ጉዞ ለኩራታችን» የሚል ጨርቅ ነበር። በዚያ ጨርቅ ሥር ተመልሶ ማለፍ የሚችል እግር አልነበራቸውም።

ስለዚህ እንደ ጂኦግራፊ ባለሙያ አሰቡ። አዲስ አበባ እንዳይከርሙ፣ የሐይቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ደሴ ከሆነ ከሁለት ሰው አንዱ ተማሪያቸው ነው። ኮምቦልቻ የወይኒቱ ወንድም አለ። ወልድያ ግን ማንንም አላስተማሩም፤ ማንም አያውቃቸውም፤ ደጋና ቆላ የሚገናኙበት ስለሆነም ከኪቶ ጋር መጠነኛ ተመሳሳይነት አይጠፋውም። ዕቅዱ አንድ ትንሽ እንከን ብቻ ነበረው። የወልድያ መንገድ የሚያልፈው በሐይቅ ነው።

በማግስቱ አውቶቡሱ ሐይቅ ሲደርስ መምህር ዋለ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው ነበር። ሹፌሩ፣ «ዓሣ የምትበሉ አሥር ደቂቃ አላችሁ» ብሎ ወረደ። መምህር ዋለ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው መስኮቱ ተንኳኳ።

ወይኒቱ ነበረች። በሁለት እጇ አንድ ፌስታል ይዛ ትክክል በጨርቁ ሥር ቆማለች። ከመምህር ዋለ ጎን የተቀመጠችውን ሴት አይታ ኖሮ፣ «ያ እህቴ፣ መርሳ ነሽ አይደል? ለታናሼ አድርሽልኝ» አለቻት። ሴትየዋም እሺ አለች። ወይኒቱ ወደ ተከናነበው ሰው ዞር ብላ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን ያቀብሉልኝ» አለች።

የዓለም አቀፉ ተጓዥ እጅ ከጋቢው ውስጥ ወጣ፤ ፌስታሉን ተቀበለ፤ አቀበለ፤ ተመልሶ ገባ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ወይኒቱ። መምህር ዋለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረ ባሏ ራሱን ሲነቀንቅ ሳታውቀው እንደማትቀር አስበው ላብ አጠመቃቸው። አውቶቡሱ ተነሣ።

ወልድያ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ከመናኸሪያው ሃምሳ እርምጃ እንኳ አልራቁም፤ አንድ ጠባዩ የታረመ ወጣት ሮጦ ደረሰባቸው።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ወፍ ኮትዎን አበላሸችው» አለና ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ ትከሻቸውን ይጠርግ ጀመር። እውነትም አንድ ነጭ ነገር ፈስሶባቸዋል። ወጣቱ በቀኝ ትከሻቸው ላይ ሳለ መምህር ዋለ የመመሪያቸውን አንቀጽ አሥራ አንድ በቃል አስታወሱ፦ «የማያውቁት ሰው ልብስዎ ተበላሸ ብሎ ሊያጸዳልዎ ቢጠጋ፣ አመስግነው በፍጥነት ይራቁ።» ያ ግን ለኪቶ ነው ብለው አሰቡ። ስለ ወልድያ የወጣ መመሪያ የለም። ወጣቱ ግራ ትከሻቸውንም በጥንቃቄ ጠረገላቸው፤ መርቀውት ተለያዩ። ስልካቸውና የገንዘብ ቦርሳቸውም አብረውት ሄዱ። ወይኒቱ አንቀጽ አራትን አክብራ በሱሪያቸው ጠርዝ የሰፋችላቸው ጥቂት ገንዘብ ባይኖር ኖሮ የኪቶ ጉብኝታቸው በዚያው ባበቃ ነበር።

የቀሩት ቀናትም ለመመሪያው ብዙ ጠቀሙት። አንዱ ባለ ባጃጅ ከተማውን ሦስት ጊዜ አዙሮ ከተነሡበት ማዶ አወረዳቸው፤ አቅጣጫ ሰው ስጠይቅ ሥራ ፈትቶ የቆመውን ሳይሆን ሥራ ላይ ያለችውን ሴት ልጠይቅ ብለው በማስታወሻቸው ጻፉ። ለከፍታው ክብር ሲሉ አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋ ያዙና በመጀመሪያው ቀን ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥተው ልባቸው ሊቆም ደረሰ። ያለ ጃንጥላ ወጥተው በረዶ ደበደባቸው። ለሠላሳ አራት ዓመት ለሌላው የሰጡት ምክር ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ትክክል መሆኑን አረጋገጠላቸው።

በአራተኛው ቀን መናኸሪያው አጠገብ ሙዝ ሲገዙ ነው ያ የፈሩት የደረሰው። የሐይቅና የወልድያ ሚኒባስ ሹፌር ሙነወር፣ ያም የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ከመኪናው ወርዶ ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«ቲቸር?»

መምህር ዋለ በሕይወታቸው ውስጥ ከዚያ ቅጽበት በፊትም በኋላም እንዲያ ፈጥነው አስበው አያውቁም። «ኖ ኢንቲየንዶ» አሉ፤ በኪቶ ቋንቋ አይገባኝም ማለታቸው ነው። «ግራሲያስ» ብለውም አመሰገኑ።

ሙነወር ሙዙን አየ፤ ጋቢውን አየ፤ ፊታቸውን አየ። ወሎዬ ነው፤ ሰው ማሳፈር አያውቅበትም።

«ይቅርታ አባባ» አለ። «ሰው መስለውኝ ነው።»

መምህር ዋለ ይህን ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲያሰላስሉት ዋሉ። ሰዋስዋዊ ስሕተት ሊያገኙበት አልቻሉም።

በአሥረኛው ቀን እንደገና ተከናንበው በሐይቅ በኩል ደሴ ገቡ፤ ደሴ ላይ ጋቢውን አጣጥፈው፣ ኮቱን አጸድተው፣ በግልጽ ፊት በሚኒባስ ተመለሱ። የአቀባበል ንዑስ ኮሚቴው በክብር ተቀበላቸው። ስልካቸው ለምን እንደጠፋ ሲጠየቁ፣ «ተሰረቀ» አሉ። በጠቅላላው ዘገባቸው ውስጥ ፍጹም እውነት የነበረው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ያልተቀበለውም እሱኑ ነው።

በአዳራሹ ሃያ ሰባት የነበረው አንቀጽ አርባ አንድ ሆኖ ተነበበ። አዲሶቹ አሥራ አራት አንቀጾች ሲነበቡ ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ፤ ያየውን የሚናገር ሰው ድምፅ ነበራቸው። ከዚያ ጥያቄ ተከተለ።

«ሕዝቡ እንዴት ነው?»

«እንደኛው ነው።»

«ምግባቸውስ?»

«ሽሮ የሚመስል ነገር አላቸው» አሉ መምህር ዋለ።

ሙነወር ከኋላ ተነሣ። መምህር ዋለ ውኃ ለመጠጣት ብርጭቆ አነሡ።

«ቲቸር፣ የኪቶ መናኸሪያ ሙዝ አለ?»

«ሞልቷል።»

«ማሻአላህ። ዓለም አንድ ናታ» ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ሰዎች አቀርቅረው ጫማቸውን ማየት ያዙ። መምህር ዋለ ሰው በአድናቆት እንደሚያቀረቅር ያን ዕለት ተገነዘቡ። መመሪያው ማኅተም ተመትቶበት ተባዛ።

እንዲህ እንዳለ ቢቀጥል ማንንም ባልጎዳ ነበር። ግን ወር ሳይሞላ አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ፤ እውነተኛ ተመሪ ተገኘ። ኢቲሳም የምትባል የአምባሰል ልጅ፣ ከዚያ ዳገት እየሮጠች ያደገች አትሌት፣ ኪቶ በሚካሄድ ውድድር እንድትሮጥ ተመረጠች። ከአገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ አብሯት የሚሄድም የለም። ወሬው ሲሰማ ሰው ሁሉ ያላት አንድ ነገር ነበር፤ «አብሽሪ፣ ዋለ ኪቶ አሉልሽ።»

ከሰዓት በኋላ ነበር። ወይኒቱ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች፤ መምህር ዋለ ጋዜጣ ያነባሉ፤ ገጹን ከገለጡት ግን ቆይተዋል።

«ነገ ያቺ ልጅ ትመጣለች» አለች ወይኒቱ።

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ልትላት ነው?»

«መመሪያው አለ። ማኅተም አለው።»

ወይኒቱ አንድ ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ወረወረች። «ለከተማው ያልከውን በል። ከተማው የትም አይሄድም። ይቺ ልጅ ግን ትሄዳለች።»

መምህር ዋለ ጋዜጣውን አጠፉት። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ፌስታሉን ስታቀብልልኝ እጅህን አላውቀውም ብለህ ነው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጎረስኩበት እጅ።»

መምህር ዋለ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። ከማዶ የሐይቁ ውኃ ያበራል።

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ባሌ ኪቶ ገብቷል፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል ልበል?» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳትፈልግ ነው የሳቀችው። እሳቸውም ሊቆጡ ብለው ሳቁ። ሲስቁ ግን ልጅቷ በእሳቸው ወሬ ተማምና ሰው አገር ስትንከራተት ታየቻቸው።

በማግስቱ ኢቲሳም ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ ናት። መምህር ዋለ ወንበር አቀረቡላት። መመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉና እጃቸውን ጫኑበት።

«ልጄ» አሉ፣ «ይሄንን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ኪቶን አላየኋትም። አልሄድኩም። ወልድያ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ ቲቸር» አለች ኢቲሳም። «ሙነወር አጎቴ ነው።»

መምህር ዋለ ወለሉን አዩ። «ካወቅሽ ለምን መጣሽ?»

«ወልድያ የደረሰብዎትን እንዲነግሩኝ ነዋ» አለች። «ኪቶ ምን እንዳለ ስልኬም ላይ አለ። እኔ የፈለግኩት ማንም በማያውቅዎት ቦታ ብቻዎን ሲሆኑ እንዴት እንደሆኑ ነው። ወላሂ ቲቸር፣ እኔ የፈራሁት እሱን ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም። ነገሯት። ስለ ወፏ፣ ስለ ታረመው ወጣት፣ ስለ ባጃጁ፣ ስለ አራተኛው ፎቅ። የታረመ ሰው ሲጠጋሽ የበለጠ ጠርጥሪ አሏት። ሲጠፋብሽ የጠፋብሽ አትምሰይ አሏት። በሦስተኛው ቀን ያለ ምንም ምክንያት አልቅሽ አልቅሽ እንደሚላት፣ እሱ ሕመም ሳይሆን ብቸኝነት መሆኑን፣ ወጥታ ከአንዲት ሻጭ ሴት ጋር በምልክትም ቢሆን ብታወራ እንደሚቀላት ነገሯት። ይህ በአርባ አንዱ አንቀጽ ውስጥ አልነበረም። ኢቲሳም ሁሉንም ጻፈች።

ሄደች፤ ሦስተኛ ወጣች፤ ተመለሰች። ከተማው ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክሎ ተቀበላት። ድምፅ ማጉያውን ሲሰጧት ሜዳሊያዋን በእጇ ሸፍና ነው የተናገረችው።

«ከሆቴሉ በወጣሁበት ቀን አንድ ሰው ትከሻሽ ላይ የሆነ ነገር ፈሷል ብሎ በምልክት አሳየኝ፤ ሶፍትም አውጥቶ ቀረበኝ» አለች። «በጣም ትሑት ሰው ነበር። ትሑትነቱን ሳይ ሮጥኩ። እሱም ተከተለኝ፤ ግን እኔ የሄድኩት ለመሮጥ ነው።» ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። «ፓስፖርቴም ገንዘቤም ትከሻዬ ላይ ያንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አለቀስኩ። ከዚያ ሙዝ የምትሸጥ አንዲት እናት ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። ያዳነኝ ቲቸር ዋለ የነገሩኝ ነው።» ስለ ወልድያ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሕዝቡ ወደ መምህር ዋለ ዞሮ አጨበጨበ። እሳቸው ግን ከዚህ በላይ መሸከም አልቻሉም። ተነሥተው ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ።

«ወገኖቼ፣ ኪቶን አላየሁም» አሉ። «ቢጫ ካርዴን ረስቼ ከአውሮፕላን ጣቢያው ተመለስኩ። አሥሩን ቀን ወልድያ ነው የከረምኩት። ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

ምድር ትሰነጠቃለች ብለው ጠበቁ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ብቻ ጎረቤታቸውን፣ «አልነገሩንም ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጎረቤታቸውም፣ «ሙነወር ነው የነገረን፤ እሳቸው ገና ዛሬ ነው የሚነግሩን» አሏቸው።

ይህን ጊዜ አቶ ሠርክአዲስ ብድግ አሉ። ፊታቸው እንደ ስብሰባ ቀን ኮስተር ብሏል። መምህር ዋለ ቅጣታቸውን ለመቀበል ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እንዲያውም ቀልሏቸው ነበር።

«የተከበራችሁ የበዓሉ ተሳታፊዎች» አሉ ኃላፊው። «መምህር ዋለ በትሕትና ስሕተት ብለው የጠሩት ነገር፣ በጽሕፈት ቤታችን እይታ፣ አንዲት ሳንቲም የውጭ ምንዛሪ ሳይወጣ የተከናወነ የውጭ አገር ጉብኝት ነው። ውጤቱም በተግባር ተፈትሾ፣ ይኸው ዛሬ በሜዳሊያ ተረጋግጧል። ስለዚህ ተሞክሮው ተቀምሮ ይስፋፋል። ለደቡብ አሜሪካዋ ሊማ ጉብኝት መርሳ ተመርጣለች፤ ቦጎታ ጥናት ላይ ናት። በመምህር ዋለ የሚመራ ሰባት አባላት ያሉት ቡድን በቅርቡ ይንቀሳቀሳል።»

ጭብጨባው ዓሣ አጥማጆቹን ከውኃው መሐል ቀና አደረጋቸው።

መምህር ዋለ ከድንኳኑ ጀርባ ኃላፊውን ተከትለው ደረሱባቸው። «ሠርክአዲስ ልጄ» አሉ፣ ትንፋሻቸው እያጠራቸው፣ «እኔ እኮ ጥፋቴን ነው የተናዘዝኩት። እንድታርመኝ ነበር።»

አቶ ሠርክአዲስ ግራና ቀኝ አይተው ጠጋ አሉ።

«ቲቸር፣ እኔ ቤጂንግ ሦስት ወር ሠልጥኜ መጣሁ ብዬ ይሄን ወንበር ስይዝ፣ የት የነበርኩ ይመስልዎታል?»

መምህር ዋለ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ባቲ፣ እህቴ ቤት።»

መምህር ዋለ ጥቂት አሰቡ። ያም ሆነ ይህ የጂኦግራፊ ሰው ናቸው።

«ባቲ ሦስት ወር?» አሉ በመጨረሻ። «ሙቀቱን እንዴት ቻልከው?»

«አይ ቲቸር፣ ተቃጥዬ ልሞት ነበር» አሉ አቶ ሠርክአዲስ፣ ክንዳቸውን በአክብሮት ይዘው እየመሩ። «ያን ጊዜ መመሪያ መች ነበረን?»